መውጣቱስ ይሁን፣ እንዴት ነው የምትወርዱት? ከሳድል አደን በኋላ ከዛፍ ስለ መውረድ

ኅዳር ላይ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ሰዓት ከተቀየረ በኋላ ጀምበር በኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ሕጉ ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይፈቅዳል፣ እኔም እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ዛፉ ላይ ተንጠልጥዬ ቆየሁ። ምንም አልመጣም። ልወርድ ስል ጨልሟል፣ እግሬ ደንዝዟል፣ የግንባር ባትሪዬ ደግሞ ድንጋዩ አልቋል። በእግሬ ጫፍ ግንዱን እየዳበስኩ መርገጫውን ስፈልግ ቆይቼ፣ አገኘሁት ብዬ ሙሉ ክብደቴን ስጥልበት ዞረ። ወገቤ ላይ ያለው ገመድ ግንዱን እየፋቀ ሁለት ሜትር ያህል ይዞኝ ወረደና አንድ ጉብታ ላይ ያዘኝ። አገጬ ተላጠ፣ ደረቴ ተላጠ፣ ሌላው አካሌ ተረፈ።

ጥፋቱ የዛፉም የዕቃውም አልነበረም። ከግንዱ ጋር የሚያስረኝን ዋናውን ገመዴን፣ ቴዘር የሚባለውን፣ አስቀድሜ ፈትቼ ቦርሳ ውስጥ ከትቼው ነበር። "ከዚህ በኋላማ መውረድ ብቻ ነው" ብዬ።

ለማያውቁት በአጭሩ። ሳድል ማለት ኮርቻ ማለት ነው፣ ግን የሚጫነው እኛው ላይ ነው፤ ወገብና ቂጥ የሚይዝ ሰፊ መቀመጫ። ፊት ለፊቱ ብሪጅ የሚባል አጭር ገመድ አለው። ብሪጁ ግንዱ ላይ ከራስ ከፍ ብሎ ከታሰረ ቴዘር ከሚባል ገመድ ጋር በካራቢነር፣ ማለት በሚከፈትና በሚዘጋ የብረት ማያያዣ፣ ይያያዝና እግራችንን ግንዱ ላይ የሚታሰር ፕላትፎርም የሚባል ትንሽ መቆሚያ ላይ አድርገን ወደ ኋላ ተደግፈን እንቀመጣለን። ሌላው ላይንማን የሚባለው ገመድ ነው፣ የመብራት ኃይል ሠራተኞች ምሰሶ ላይ ሲወጡ ወገባቸውን ከምሰሶው ጋር እንደሚያስሩበት ያለ። አሜሪካ ውስጥ አጋዘን በቀስት የሚያድን ሰው ከባዱን የዛፍ ወንበር ትቶ ወደ ሳድል የሚዞረው ቀላል ስለሆነና የትኛውም ዛፍ ላይ ስለሚሆንለት ነው። ብዙ ሰው የሚቀመጠው ከ15 እስከ 20 ጫማ ከፍታ ላይ ነው፣ 5 ወይም 6 ሜትር በሉት። ከዚያ የወደቀ ሰው አከርካሪው ከተረፈ ስለት ያግባ።

ሰው ስለ አወጣጥ ያወራል፣ ቪዲዮ ያያል፣ ገንዘብ ያወጣል። ስለ አወራረድ ግን የሚያስበው እላይ ሆኖ ሲጨልምበት ነው። እኔ ዛሬ የምለው ይህን ነው፦ እንዴት እንደምትወርዱ ገና እግራችሁ ከመሬት ሳይነሳ ወስኑ። ዛፉን የምትመርጡት፣ የምትይዙት ገመድ፣ የምትወጡበት ከፍታ ሁሉ በዚህ ላይ ተንጠልጥሏል።

መጀመሪያ ዛፉ

ወደ ላይ ቀና ብላችሁ እዩ። ግንዱ ቀጥ ያለና እስከምትቀመጡበት ድረስ ቅርንጫፍ የሌለው ከሆነ፣ እኛ አካባቢ ያለው ቱሊፕ ፖፕላር እንደሚሆነው፣ በገመድ መውረድ ይመቻል። ቅርንጫፍ የበዛበት፣ ባላ ያለው፣ ጠመም ያለ ከሆነ ደግሞ በወጣችሁበት መርገጫ መውረድ ይሻላል፤ ምክንያቱም የመውረጃ ገመድ ባላ ውስጥ ከተሰነገ መልሳችሁ አታወርዱትም። እኔ አንዴ ገመዴን እዚያው ሰቅዬው አድሬ በማግስቱ ተመልሼ ወጥቻለሁ።

የአሽ ዛፍ ከሆነ እለፉት። በ2002 ሚሺጋን ውስጥ የተገኘችው አረንጓዴ ጥንዚዛ ከዚያ ወዲህ ምሥራቁን አዳርሳ በሚሊዮን የሚቆጠር አሽ ገድላለች። የሞተ አሽ ደግሞ ይሰባበራል፣ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሰበረው። ቅርፊቱ እንደ ልጣጭ የተንጠለጠለ ሂከሪ የሚባል ዛፍ ላይ ስቲክ፣ ማለት የምንወጣበት መርገጫ፣ በደንብ አይነክስም። ግንዱ ላይ ፀጉር ያበቀለ የሚመስል ሐረግ ካያችሁ እሱ ፖይዝን አይቪ ነው፤ ቅጠሉ ቢረግፍም ያሳክካል፣ ተቃቅፋችሁት ልትወርዱ ደግሞ አታስቡት።

በስቲክ መውረድ

ስቲክ ግንዱ ላይ በማሰሪያ የሚታሰር አጭር መሰላል ነው፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራቱን ደርድረን እንወጣለን። ጀማሪ ከሆናችሁ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት በዚህ ውረዱ እላለሁ። ቀርፋፋ ነው፣ ያደክማል፣ ግን እያንዳንዱን እርምጃ ታውቁታላችሁ።

ከሁሉም በፊት ላይንማኑን ግንዱን አዙራችሁ እሰሩ፣ ልል እንዳይሆን ሳቡት፣ ተደገፉበት። ቴዘሩን አትፍቱ። ከፕላትፎርሙ ወደ ላይኛው ስቲክ ስትረግጡ ሁለቱም ገመድ ላይ ናችሁ። እዚያ ቆማችሁ ፕላትፎርሙን አላቁና ሳድላችሁ ላይ አንጠልጥሉት። ከዚያ ሥራው መደጋገም ነው፤ በላይንማኑ ተደግፋችሁ ቴዘሩን ዝቅ ታደርጋላችሁ፣ ቴዘሩ ሲይዝ ላይንማኑን ዝቅ ታደርጋላችሁ፣ አንድ እርከን ትወርዳላችሁ፣ ከላይ የቀረውን ስቲክ ፈትታችሁ ትሰቅላላችሁ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይፈቱም። ቅርንጫፍ መንገድ ላይ ካለ ቴዘሩ እንደያዛችሁ ላይንማኑን ፈትታችሁ ከቅርንጫፉ በታች መልሳችሁ ታስራላችሁ፣ ከዚያ ነው ቴዘሩ የሚፈታው።

"ላይንማን አለኝ፣ ቴዘር ለምን?" የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔም ነበርኩ። ላይንማን ወደ ኋላ እንዳትወድቁ ይይዛል እንጂ ወደ ታች እንዳትንሸራተቱ ዋስትና የለውም፣ በተለይ ቢች ዛፍ ላይ፤ ቆዳው እንደ ሕፃን ጉንጭ የለሰለሰ ነው። ቴዘሩ ግን ግንዱን አንቆ ስለሚይዝ ክብደት ሲያርፍበት ይብሱን ይጠብቃል። ደብረ ዳሞ የወጣችሁ ታውቁታላችሁ። በእጃችሁ የምትይዙት የጠፍር ገመድ አለ፣ ወገባችሁ ላይ ደግሞ እላይ ያለው መነኩሴ የሚስበው ሌላ ገመድ ይታሰራል። 15 ሜትር ገደማ የሆነ ገደል ነው፣ ክንድ ቢዝል ወገብ ላይ ያለው አለ። ሐሳቡ ያው ነው።

ስቲክ የሚዞረው ወይም የሚያመልጠው ብዙ ጊዜ እግራችንን ከግንዱ አርቀን፣ ወደ ውጭ እየገፋን ስንረግጠው ነው። ወደ ግንዱ ተጠግታችሁ ክብደታችሁን ቀጥ ብሎ ወደ ታች ጣሉት። ነፋስ ባለበት ቀን ዛፉ ለሰዓታት ሲወዛወዝ ማሰሪያው ሊላላ ስለሚችል መውረድ ከመጀመራችሁ በፊት የላይኛውን ስቲክ በእጃችሁ ነቅንቁት። የመጨረሻው ስቲክ ላይ ስትደርሱም አትዝለሉ። አራት ሰዓት ተቀምጦ የደነዘዘ ቁርጭምጭሚት ከአንድ ሜትር ዝላይም ይሰበራል።

በገመድ መውረድ፣ ራፔል

ይህ ሲያምር ያምራል። ተቀምጣችሁ እንደ ሊፍት ትወርዳላችሁ። ጉልበቱ ለሚያመው ሰው እውነተኛ መፍትሔ ነው። በአንድ ስቲክ ብቻ እየወጣ እሷኑ እያነሳ ወደ ላይ የሚሄድ ሰውም አወራረዱ ይኸው ነው። ግን እዚህ ላይ አንድ ስህተት በቂ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልንገራችሁ።

ገመዱ የማይለጠጥ ዓይነት ይሁን፣ ርዝመቱም ለ20 ጫማ ከፍታ 35 ጫማ ያህል፤ ግንዱን መዞሪያና ትርፍ ይፈልጋል። ካራቢነሩ ቁልፍ ያለው፣ ጎኑ ላይ አቅሙ በኪሎኒውተን የተጻፈበት ይሁን። 22 ካለ ከሁለት ሺህ ኪሎ በላይ ይሸከማል ማለት ነው። የመኪና ቁልፍ የሚንጠለጠልበት ጌጥ ካራቢነር አይደለም፣ ስሙ ነው የተመሳሰለው።

ማውረጃ መሣሪያው ላይ ሰው ይሳሳታል። ቴዘር ላይ ያለው ጥርስ ያለው መቆንጠጫ ማውረጃ አይደለም። ፕሩሲክ የሚባለው፣ ክብደት ሲያርፍበት ገመዱን የሚያንቀው ቋጠሮም ብቻውን ማውረጃ አይደለም፤ ክብደት ተሸክሞ እየጎተቱ ቢያወርዱት በፍትጊያ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ ወይም ድንገት ይለቃል። ማውረጃ ለዚሁ የተሠራ መሆን አለበት። የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለው ብረት ርካሽና ቀላል ነው፣ ግን እጃችሁ ከለቀቀ እሱም ይለቃል። ራሱ የሚቆልፈው ዓይነት፣ እንደ ፔትዝል ግሪግሪ ያለው፣ ይሻላል። እሱም ቢሆን የገመዱን ውፍረት ይመርጣል። ግሪግሪ የሚሠራው ከ8.5 እስከ 11 ሚሊሜትር ነው፣ ብዙ የሳድል ሰው የሚወደው ቀጭን ገመድ ደግሞ 8 ነው። አይገጥሙም። ሱቁ ሁለቱንም ስለሸጠላችሁ አብረው ይሠራሉ ማለት አይደለም፣ መሣሪያው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ሌላው፣ ገመዱ ተገልብጦ ከገባ አይቆልፍም። መሣሪያው ላይ ሥዕል አለ፤ እሱን አይታችሁ ካስገባችሁ በኋላ በኃይል ነጠቅ አድርጋችሁ ሞክሩት።

እጀታ ያላቸው መሣሪያዎች አንድ ክፉ ጠባይ አላቸው፤ ወይም ክፉው ጠባይ የኛ ነው። ሰው ሲደነግጥ ይጨብጣል። እጀታውን ጨብጦ በሳበው ቁጥር ደግሞ የበለጠ ይፈጥናል። ለዚህ ነው ሲደነግጡ የሚቆልፍ ዓይነትም የተሠራው። የትኛውም ቢሆን የታችኛውን ገመድ የያዘው እጅ፣ ፍሬን በሉት፣ መሬት እስክትረግጡ አይለቅም። ከመሣሪያው በታች በትንሽ ገመድ መጠባበቂያ ቋጠሮ ብታክሉበት ደግሞ እጃችሁ ቢያመልጥ እሱ ይነክሳል። በስምንት ቁጥሩ ብረት ለሚወርድ ሰው ይህ ምርጫ አይደለም፣ ግዴታ ነው።

አሁን አሠራሩ። ገመዱን ግንዱ ላይ የምታስሩት ገና እላይ እንደደረሳችሁ ነው፣ በብርሃን፣ እጃችሁ ሳይቀዘቅዝ። የገመዱ አንድ ጫፍ ላይ የሚዘጋ የብረት ቀለበት እሰሩ፣ ሌላውን ጫፍ ግንዱን አዙራችሁ በቀለበቱ ውስጥ አሳልፉና ገመዱ ግንዱን እንዲያንቅ አድርጉ፤ ቀለበቱ ላይ እስከ መሬት የሚደርስ ቀጭን መሳቢያ ገመድ እሰሩ። የመውረጃውን ገመድ ወደ ታች ጣሉና ጫፉ መሬት መድረሱን በዓይናችሁ እዩ። ጫፉ ላይ ወፈር ያለ ቋጠሮ ይኑር፣ ገመዱ ቢያጥር እንኳ ከመሣሪያው ሾልካችሁ እንዳትወጡ።

መውረጃ ሰዓት ሲደርስ መሣሪያውን በራሱ ካራቢነር ብሪጁ ላይ አያይዙ፣ ቁልፉን አጥብቁ፣ ልል ገመድ እስኪያልቅ ሳቡ። ቴዘሩ ገና እንደታሰረ ነው። ከዚያ ሙሉ ክብደታችሁን አዲሱ ገመድ ላይ ጣሉት። ቴዘሩ ሲላላ ታያላችሁ። በዚህ ሁኔታ ትንሽ ቆዩ፤ ካራቢነሩን በጣታችሁ ነካ ነካ አድርጉ፣ የሳድሉን ማሰሪያዎች ዳብሱ፣ ኮፍያችሁ ወይም የአንገት ልብሳችሁ መሣሪያው ውስጥ እንዳይገባ ሰብስቡ። ቴዘሩ የሚፈታው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኔ ድምፄን አውጥቼ ነው የምቆጥረው። ጫካ ውስጥ ለብቻዬ የማወራ እብድ ብመስልም ግድ የለኝም።

ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ፊልም ላይ እንደምታዩት በእግር እየገፉ መዝለል እዚህ አይሠራም፤ የማይለጠጥ ገመድ ላይ ድንገተኛ ማቆም ወገብንም ግንዱንም ይመታል። ፕላትፎርሙ ደረታችሁ ትይዩ ሲሆን ቁሙ፣ ከመሣሪያው በታች ያለውን ገመድ ቋጥራችሁ ቆልፉ፣ ያኔ ሁለት እጃችሁ ነፃ ይሆናል። ፕላትፎርሙን ፈትታችሁ ስቀሉ፣ ስቲኮቹንም እንዲሁ አንድ በአንድ እየለቀማችሁ። ይህ በስቲክ ወጥቶ በገመድ መውረድ የሚሉት ነው፣ አሁን እኔ ብዙውን ጊዜ የማደርገውም ይህንኑ ነው። ስቲኮቹ እዚያው ስላሉ ገመዱ ላይ አንድ ነገር ቅር ካለኝ እግሬን የማሳርፍበት አላጣም።

አንዴ ደግሞ ማውረጃዬ ከቀዘቀዘ እጄ አምልጦ ወደቀ። ደግነቱ ገና አላያዝኩትም ነበር፣ ቴዘሩም ይዞኛል። ከዚያ ወዲህ በአንድ ትልቅ ካራቢነር ብቻ የሚሠራውን ሙንተር የሚባል ቋጠሮ ተማርኩ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ማውረጃ የያዘ ሰው ሁሉ ማውረጃው የጠፋ ቀን ምን እንደሚያደርግ ይወቅ።

የቱን ልምረጥ?

ቀጥ ያለ ዛፍ፣ ደረቅ ገመድ፣ የተለማመደ እጅ ካለ፣ ራፔል። ዝናብ ወርዶ ብርድ ከመታውና ገመዱ በረዶ ከለበሰ፣ ስቲክ፤ ገመድ በመቆንጠጥ የሚሠራ መሣሪያ ሁሉ በረዶ ላይ እምነት አይጣልበትም። ቅርንጫፍ የበዛበት ዛፍ፣ ስቲክ። አዲስ ዕቃ ትናንት በፖስታ ደርሷችሁ ዛሬ ልትወጡ ከሆነ፣ እንደ ወትሮው ውረዱ፣ አዲሱን ሌላ ቀን። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ። ልምምዱ ጓሮ ያለ ዛፍ ላይ፣ እግር ከመሬት አንድ ክንድ ብቻ ከፍ ብሎ ይሁን። ሲለመድ በወፍራም ጃኬትና በጓንት፣ ከዚያም በጨለማ። ጎረቤት መጥቶ ምን እየሠራህ ነው ብሎ ቢጠይቅ አይግረማችሁ። የብረት ሹል ጫማ ላይ አስሮ ግንዱን እየወጉ መውጣት መውረድ የሚባለውን እርሱት። ዛፉን ያቆስላል፣ በብዙ የመንግሥት መሬት ላይም ክልክል ነው።

ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት

ቀስቱ ይቅደም። ፍላጻውን ማስቀመጫው ውስጥ መልሳችሁ ቀስቱን በቀጭን ገመድ ወደ ታች ልቀቁት፣ ግን እናንተ በምትወርዱበት ጎን አይሁን። ብትወድቁ ምላጭ የመሰለ የፍላጻ ጫፍ ላይ ነው የምታርፉት። ክሮስቦው፣ እንደ ጠመንጃ የሚተኮሰው ቀስት፣ ከሆነ ተወጥሮ አይወርድም።

አጋዘን ከመታችሁ ደግሞ አትቸኩሉ። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሮጦ መከተል ያምራል። ለማንኛውም ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ስላለባችሁ እዚያው ታስራችሁ ጠብቁ። የተንቀጠቀጠ እጅ ካራቢነር ሳይቆልፍ ያልፋል።

ከኅዳር 15 በኋላ የነቢያት ጾም ለሚጾሙ አንድ ነገር ልጨምር። ፍሪዘሩ በአጋዘን ሥጋ ተሞልቶ እኛ ሽሮ የምንበላበት ወራት ነው፣ ይሁን። ግን ቀኑን ሙሉ ምንም ሳይቀምሱ ስድስት ሜትር ላይ ቆይቶ በጨለማ መውረድ ሌላ ነገር ነው። በሶ ወይም ዳቦ ቆሎ ኪስ ውስጥ ይኑር፣ ከመውረጃው ግማሽ ሰዓት በፊት ቅመሱ። እስከ ማታ ጦማችሁን የምትውሉ ከሆነ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ወይም መሬት ላይ አድኑ። የእግር ጣትም አንቀሳቅሱ፣ ጉልበት እጠፉና ዘርጉ፣ ደም ይዙር። የባትሪ ድንጋይ ሁለት ይሁን፤ የኔን አገጭ ያያችሁ ታውቃላችሁ።

ስልክ ደረት ኪስ ውስጥ እንጂ ቦርሳ ውስጥ አይሁን። ገመድ ላይ ተጣብቃችሁ መውጣትም መውረድም ቢያቅታችሁ በዝምታ አትንጠልጠሉ፤ እግር ሳይንቀሳቀስ መንጠልጠል ደሙን ታች ያስቀረዋል፣ ሰው ራሱን ይስታል። ትርፍ ገመድ ቋጥራችሁ እንደ እርካብ ርገጡበት፣ ግንዱን ግፉ፣ እግር አወዛውዙ፣ ለ911 ደውሉ። የት እንዳላችሁ የሚያውቅ ሰው ቤት ይኑር። እኔና ባለቤቴ ሁለት ቃል ነው የምንለዋወጠው፣ "ወጣሁ" እና "ወረድኩ"። ሁለተኛዋ ቃል በተባለው ሰዓት ካልደረሰች ባለቤቴ የመኪናዬን ቦታ ታውቃለች።

መሬት ስትረግጡ ወዲያው አትፍቱ። መጀመሪያ ቁሙ፣ እግራችሁ ይሸከማችሁ እንደሆነ እዩ። ከዚያ መሣሪያውን አላቁና የገመዱን ጫፍ ቋጠሮ ፍቱት። ይህቺን ብዙ ሰው ይረሳታል። መሳቢያውን ስትስቡ ያ ጫፍ እላይ በቀለበቱ ውስጥ ስለሚያልፍ፣ ቋጠሮው ካልተፈታ እዚያው ይሰነጋል፣ እናንተም አንጋጣችሁ ስትሳደቡ ታመሻላችሁ። ከተፈታ ግን ሳብ ሳብ ስታደርጉት ይመጣል፣ መጨረሻው ላይ ዱብ ይላል። ያኔ ራሳችሁን ጠብቁ፣ የብረት ቀለበቱ ግንባር ያቆስላል።

እኔ ገመዱን ጠቅልዬ ቦርሳ ሳልከት ስልኬን አወጣለሁ። "ወረድኩ"።